ኪቦርድ እየተጫወቱ መዝፈን፦ እጅን ያለ ትኩረት ማስሄድ

ኪቦርድ አሳምሮ የሚጫወት፣ ለብቻው ሲሆንም ደህና የሚዘፍን ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ ሲሞክር ሁለቱም ይበላሹበታል። ወይ እጁ ይቆማል፣ ወይ ቃሉ ይጠፋዋል፣ ወይም ጣቶቹ የግጥሙን ፊደል እየተከተሉ ይረግጣሉ። ይህ የተሰጥኦ ማነስ አይደለም። ትኩረት የሚሹ ሁለት ሥራዎች እኩል ሲመጡ አእምሮ አንዱን ይጥላል። ስለዚህ የልምምዱ ዋና ሥራ እጅን ትኩረት ሳይጠይቅ እንዲሄድ ማድረግ ነው። አድማጭ የሚከተለው ድምፅን በመሆኑ ትኩረቱ ለድምፅ መቅረት አለበት።

ከዚህ በታች ኖታዎቹን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያልን እንጠራለን። ዶ ማለት ከሁለቱ ተጎራባች ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለው ነጭ ቁልፍ ነው። ኮርዶቹንም (አብረው የሚጫኑ ኖታዎችን) በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን፤ ዶ ሜጀር፣ ላ ማይነር እንደ ማለት።

የመጀመሪያው ዘፈን አመራረጥ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ የሚወደውን ዘፈን ይዞ ይጀምራል። የሚወዱት ዘፈን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ነው። ለመጀመሪያው የሚሆን ዘፈን ከሦስት ወይም ከአራት ኮርድ አይበልጥም፣ ኮርዱ የሚቀየረው በአንድ ባር (ምቶች ተሰብስበው የሚቆጠሩበት ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ምት) አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ምት ነው፣ ዜማውም ከአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለ ርቀት) ብዙ አይወጣም። ግጥሙን ወረቀት ሳያዩ መጨረስ የሚችሉት ይሁን። ቃል ለማስታወስ የሚወጣ ትኩረት ከእጅ ላይ የሚቀነስ ነው።

ቃላት የሚደራረቡበት ፈጣን ዘፈን ለኋላ ይቆይ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ኪቦርዱ ለብቻው ዜማ የሚጫወትበትም እንዲሁ።

አቀማመጥና ዕቃ

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ይበቃል። ተቀምጠው ከሆነ ክርንዎ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል፤ ከክርን እስከ አንጓ ያለው ክንድ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሆናል። ወንበሩ ዝቅ ካለ ትከሻ ወደ ላይ ይነሳል፣ አንገት ይጠብቃል፣ ድምፁም ይታፈናል። ቆመው ከሆነ ማቆሚያውን በዚሁ ልክ ከፍ ያድርጉ። የተለመደው ስህተት የኪቦርዱን ማቆሚያ ዝቅ አድርጎ ጎንበስ ብሎ መጫወት ነው፤ ሆድ ሲታጠፍ ትንፋሽ መግቢያ ያጣል።

ድምፁን ፒያኖ ወይም ኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ ያድርጉት። እንደ ስትሪንግ ያሉ ቀስ ብለው የሚነሱ ድምፆች እጅዎ በሰዓቱ መድረሱንና አለመድረሱን አያሳዩም። ሰስቴን ፔዳልም (ጣት ከተነሳ በኋላ ድምፁን የሚያቆየው የእግር መርገጫ) ለጊዜው ይቅር፤ የዘገየን እጅ ይሸፍናል። ራሱ የሚያጅበውን ስታይል አይክፈቱ። ሜትሮኖም (ምቱን እኩል እየመታ የሚያሰማ መሣሪያ) ብቻ ይበቃል፤ ኪቦርዱ ውስጥ ከሌለ ስልክ ላይ ያለው ይሠራል።

ማይክ መጠቀም ሲጀምሩ ክንድ ያለው ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ ቀጥ ያለው ማቆሚያ ኪቦርዱ ጋር ይጋጫል። ማይኩ ከፊት ለፊት ኪቦርዱን ተሻግሮ ይምጣና ከአፍዎ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁም። እርስዎ ወደ ማይኩ አይሂዱ፤ ማይኩን ወደ እርስዎ ያምጡት። ስፒከሩ ከማይኩ ጀርባ በኩል ካልሆነ ያፏጫል።

ኪዩን ለጉሮሮ መምረጥ

ኪይ ማለት ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ ነው። ዘፈኑን ያለ ኪቦርድ ይዝፈኑና ከፍተኛውን ቦታ ያግኙ፤ አብዛኛውን ጊዜ አዝማቹ ውስጥ ነው። ያንን ኖታ ኪቦርዱ ላይ ፈልገው ይያዙት። ቀጥሎ፣ ሳይጨነቁ አምስት ጊዜ ደጋግመው ማውጣት የሚችሉት ከፍተኛ ኖታ የቱ እንደሆነ ይፈትሹ። የዘፈኑ ጫፍ ከእርስዎ ጫፍ ቢያንስ አንድ ሙሉ ድምፅ (ማለትም ሁለት ግማሽ ድምፅ፤ ግማሽ ድምፅ ጥቁሩንም ቆጥሮ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ነው) ዝቅ ይበል። እየተጫወቱ ሲዘፍኑ ትንፋሽ ይጣደፋል፣ ትከሻ ይወጠራል፤ ለብቻዎ የሚደርሱበት ጫፍ ያን ጊዜ አይገኝም።

የዘፈኑ ኪይ ሲከብድ ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ ይጠቀሙ። አንዱ ጭነት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው፤ ዘፈኑ በሦስት ግማሽ ድምፅ ከበዛብዎ −3 ያደርጉና ጣቶችዎ የለመዱትን ኮርድ ይጫወታሉ። ሁለት ነገር ግን አይርሱ። ሲጨርሱ ወደ 0 ይመልሱት፤ አለበለዚያ ነገ ሌላ ዘፈን ሲጀምሩ ድምፅዎ የማይገኝበት ምክንያት ይጠፋዎታል። ከሌሎች ጋር ሲጫወቱ ደግሞ የሚነግሯቸው የሚሰማውን ኪይ እንጂ ጣትዎ ያለበትን አይሁን።

ደረጃ 1፦ እጅ ለብቻው

ለምሳሌ ዶ ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር የሚዞሩበትን እንውሰድ። ጀማሪ ኮርዶቹን ሁሉ ስማቸውን ከያዘው ኖታ እየጀመረ ሲይዝ እጁ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፣ ዓይኑም እጁን ይከተላል። ኖታዎቹን አገላብጦ መያዝ ዝላዩን ያጠፋዋል። ቀኝ እጅ በመካከለኛው ዶ (በ61 ቁልፍ ኪቦርድ ከግራ ሦስተኛው ዶ) ዙሪያ እንዲህ ይሁን፦

ዶ ሜጀር፦ ሶል – ዶ – ሚ
ላ ማይነር፦ ላ – ዶ – ሚ
ፋ ሜጀር፦ ላ – ዶ – ፋ
ሶል ሜጀር፦ ሶል – ሲ – ሬ

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ከሶል ወደ ላ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ትንሿ ጣት ብቻ ከሚ ወደ ፋ ትሄዳለች። ወደ ሶል ሜጀር ሲሄዱ ሦስቱም ጣቶች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ ዶ ሜጀር ሲመለሱ ሶል ባለበት ይቆያል። እጁ ከቦታው ስለማይነሳ ማየት አያስፈልግም።

ግራ እጅ የኮርዱን ስም የያዘውን ኖታ ብቻ ባስ ላይ ይጫናል፦ ዶ፣ ላ፣ ፋ፣ ሶል። በ61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ከግራ ጫፍ ሁለተኛው ዶ ላይ ይጀምሩና ወደ ታች ይውረዱ።

ሜትሮኖሙን 60 ላይ ያድርጉ። ሁለቱም እጆች በየባሩ አንደኛ ምት ላይ አንድ ጊዜ ይጫናሉ፣ አራት ምት ይዘው ይቆያሉ። አንዱ ባር አራት ሰከንድ፣ አራቱ ኮርዶች 16 ሰከንድ ይወስዳሉ። ስምንት ዙር ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሳይሳሳቱ ስምንት ዙር እስኪሞላ ይደጋገም። አምስተኛው ዙር ላይ ከተሳሳቱ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ቀጥሎ ፈተናው ይመጣል፤ ይህን ዘልሎ ወደ ዘፈን የገባ ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። እጅዎ ሳያቋርጥ ሰው ያነጋግርዎት፤ ለምሳሌ ትናንት ምን እንደሠሩ ይጠይቅዎትና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ። ሰው ከሌለ ከ50 ወደ ኋላ ድምፅዎን አውጥተው ይቁጠሩ፣ ወይም የማያውቁትን ጽሑፍ ጮክ ብለው ያንብቡ። እጁ ካቆመ ወይም ኮርድ ከሳተ ገና የእርስዎን ትኩረት እየበላ ነው ማለት ነው። እያወሩ ኮርዱ ከዞረ ዝግጁ ነዎት።

ደረጃ 2፦ ድምፅ ለብቻው

ኪቦርዱን ይዝጉት። ሜትሮኖሙ ሲመታ በእግርዎ ምቱን እየረገጡ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዝፈኑ። እዚህ የሚታየው አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ምቱን ሳያውቅ የሚዘፍን መሆኑ ነው፤ ስንኙ ሲያልቅ ቆም ብሎ ሳይቆጥር ቀጣዩን ይጀምራል። በስንኞች መካከል ያሉትን ባዶ ምቶች በጣት ይቁጠሩና ከግጥሙ ጎን በቁጥር ይጻፏቸው።

ትንፋሽ የሚወስዱባቸውንም ቦታዎች እዚያው ወረቀት ላይ ጭረት ያድርጉባቸው። ኮርድ መቀየሪያው ላይ ትንፋሽ ያዝ የማድረግ ልማድ ብዙ ሰው አለው፤ ከባድ ኮርድ ሲመጣ ሳያውቀው ትንፋሹን ያቆማል፣ ቀጣዩ ስንኝ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። የትንፋሽ ቦታ አስቀድሞ ሲወሰን ይህ ይቀንሳል።

በአማርኛ ግጥም ላይ ልብ የሚባል ሌላ ነገር አለ። ቃሉ በሳድስ ሲያልቅ፣ ለምሳሌ «ልቤን»፣ የሚረዝመው «ቤ» ነው፤ «ን» የሚዘጋው ኖታው ሲያልቅ ብቻ ነው። እጅ ኮርድ ሲጫን አፍም አብሮ «ን» ብሎ መዝጋት ይወዳል፤ ያን ጊዜ ዜማው ይቆረጣል።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ማገናኘት

በአንድ ጊዜ ወደ ዘፈን አይዝለሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፤ አንዱ ሳይስተካከል ቀጣዩ አይነካም።

1. ኮርዱን በየባሩ አንድ ጊዜ እየጫኑ ግጥሙን ያለ ዜማ፣ በምቱ ላይ እንደ ንግግር ይበሉት።
2. አፍ ዘግተው ዜማውን ብቻ ያንጎራጉሩ።
3. ዜማውን በ«ላ ላ ላ» ይዝፈኑ።
4. ቃሉን ከዜማው ጋር ያምጡ።

ይህ ሁሉ በአንድ ስንኝ ይሁን፤ ሙሉ ዘፈን አይሞከርም። ሁለተኛው ስንኝም እንዲሁ ለብቻው ይሠራ። ከዚያ የሚለማመዱት መጋጠሚያውን ነው፦ የመጀመሪያውን ስንኝ የመጨረሻ ባር ከሁለተኛው የመጀመሪያ ባር ጋር አያይዘው አሥር ጊዜ ይድገሙ። ዘፈን የሚሰበረው መሃሉ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው ግን መጋጠሚያውን በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ያገኘዋል።

ቃሉ ከአንደኛው ምት በፊት የሚጀምር ዘፈን ብዙ ነው። እጅ ገና ኮርዱን ሳይጫን ድምፅ መነሳት አለበት። ይህን ለብቻው ይለማመዱት፦ ባዶ ባር ቆጥረው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ካሉ በኋላ አራት ላይ ቃሉን ይጀምሩ፣ አንድ ላይ እጁ ይውደቅ። ድምፁ ሲነሳ እጁ አብሮ ከወረደ ፍጥነቱን ይቀንሱ።

ደረጃ 4፦ ቃልና ምት ሲተላለፉ

ትክክለኛው ችግር ያለው እዚህ ነው። ቃል ከምቱ ላይ ሲወድቅ ለማንም ቀላል ነው። ቃሉ በሁለት ምት መካከል ሲወድቅ ግን እጅ ወደዚያው ይሳባል፣ ወይም ድምፅ ወደ እጁ ይሳባል። ደጋግሞ መሞከር ብቻውን አይፈታውም፤ የቱ ቦታ ላይ ማን እንዳለ ተጽፎ መታየት አለበት።

አንድን ባር ለስምንት ይክፈሉ፦ አንድ – እና – ሁለት – እና – ሦስት – እና – አራት – እና። አሁን ቀኝ እጅ በየምቱ ኮርድ ይጫናል እንበል፤ ቃሉ ደግሞ «ና ወደ ቤቴ» ይሁን። ክፍፍሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

አንድ፦ እጅና «ና» አብረው
እና፦ ባዶ
ሁለት፦ እጅ ብቻ
እና፦ «ወ» ብቻ
ሦስት፦ እጅና «ደ» አብረው
እና፦ «ቤ» ብቻ
አራት፦ እጅ ብቻ («ቤ» እንደተያዘ ነው)
እና፦ «ቴ» ብቻ

በየትኛውም ዘፈን ከእነዚህ አራት ሁኔታዎች ውጭ የለም፦ አብረው፣ እጅ ብቻ፣ ድምፅ ብቻ፣ ባዶ። እዚህ ምሳሌ ላይ የሚያስቸግሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው «ወ» ነው፤ እጅ አብሮ ሊጫን ይፈልጋል። ሁለተኛው አራተኛው ምት ነው፤ እጁ ሲጫን ድምፁ «ቤ–ኤ» ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ የተያዘው ኖታ ለሁለት ይሰበራል።

ኪቦርዱን ተወት ያድርጉና በጉልበትዎ ይጀምሩ። ቀኝ መዳፍ ምቱን ጉልበት ላይ ይመታል፣ አፍ ቃሉን ያለ ዜማ ይላል። ሜትሮኖሙ 50 ላይ ይሁን። ካስቸገረ ከስምንቱ ሁለቱን ብቻ ወስደው ይድገሙ፤ ለምሳሌ «ሁለት – እና»፣ እጅ ከዚያ «ወ»፣ እጅ ከዚያ «ወ»። እሱ ሲስተካከል «ሦስት»ን ይጨምሩ። አራቱን ምት ሲጨርሱ ዜማውን ያምጡ፤ ኪቦርዱ ላይ የሚወጡት ከዚህ በኋላ ነው። ይህ አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ አስቸጋሪ ባር በዚህ መንገድ በጥቂት ደቂቃ ሲፈታ፣ ሙሉውን ዘፈን እየደጋገሙ ለሳምንት ላይፈታ ይችላል።

ፍጥነት የሚጨመረው ሦስት ዙር በተከታታይ ንጹሕ ሲሆን ነው፤ በአንዴ ከአራት ወይም ከአምስት ምት አይበልጥ። ከ50 ወደ 54፣ ከዚያ 58። ቁጥሩ ሲጨመር ከተሰበረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ እንደ መጀመሪያው ፍጥነት መውረድ አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ አጀባውን ማድመቅ

በየባሩ አንድ ጊዜ መጫን ከተስተካከለ በኋላ ወደ ሁለት ጊዜ (አንድና ሦስት ላይ)፣ ከዚያ ወደ አራት ጊዜ ይሂዱ። ቀጥሎ ኮርዱን በትኖ አንድ በአንድ መጫን ይመጣል፤ በዶ ሜጀር ላይ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ዶ። ግራ እጅ ከባሱ ጋር አምስተኛውን ኖታ ሊጨምር ይችላል፤ ለዶ ሶል፣ ለላ ሚ። እያንዳንዱ ለውጥ እንደ አዲስ ነው፤ እያወሩ የመጫወቱ ፈተና ይደገማል።

በ6/8 ለሚሄድ ዘፈን ስድስት ይቁጠሩ፤ ግራ እጅ አንድና አራት ላይ ባስ፣ ቀኝ እጅ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት ላይ ኮርድ። ጠንካራዎቹ አንድና አራት ናቸው። ሦስትና አምስትን የሚያጠነክር ሰው ሳያውቀው ሌላ ምት ውስጥ ይገባል፣ ቃሉም አብሮት ይናጋል።

ድምፅ በሚሰማበት ጊዜ እጅ ይቀንስ፤ ድምፅ ሲያርፍ እጅ ይናገር። በሁለት ስንኞች መካከል ያሉት ባዶ ምቶች ለቀኝ እጅ አጭር ዜማ ጥሩ ቦታ ናቸው። ስንኙ መሃል ላይ የሚደረደር ጌጥ ግን ቃሉን ይሸፍናል፣ ዘፋኙንም ያሰናክላል። ብዙ መጫወት የችሎታ ምልክት የሚመስላቸው እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ፔዳል አሁን መግባት ይችላል። አዲሱን ኮርድ ሲጫኑ እግር ይነሳል፣ ወዲያው ይረገጣል። ኮርዱ ሳይቀየር አስቀድሞ ከተነሳ ድምፁ ይቆረጣል፤ ካልተነሳ ሁለቱ ኮርዶች ይደባለቃሉ።

ድምፅ ከኪዩ ሲወጣ

መነሻውን ኖታ ማጣት የተለመደ ነው። መፍትሔው መግቢያው ውስጥ ነው፤ የመግቢያውን የመጨረሻ ኖታ ዘፈኑ የሚጀምርበት ኖታ ያድርጉት፣ ቀኝ እጅ ላይ ከላይ የሚሰማው እሱ ይሁን።

ዜማውን በቀኝ እጅ አብሮ መጫወት ለመፈተሻ ጥሩ ነው። እዚያ መቅረት ግን ጎጂ ነው፤ እጅ ሲለቅ ድምፁ ብቻውን አይቆምም፣ በቃል ላይ የሚደረጉ ጥቃቅን ጌጦችም ሁሉ ይጠፋሉ። አንድ ዙር ከዜማው ጋር፣ አንድ ዙር በኮርድ ብቻ እያፈራረቁ ይለምዱት። ኮርዱ ብቻ ሲሆን ከኪዩ የሚወጡበት ቃል ካለ፣ እዚያ ላይ ያንን ኖታ ብቻ ይንኩና ይቀጥሉ።

የኪቦርዱ ድምፅ ሲበዛ ሰው ራሱን ስለማይሰማ ይጮኻል፣ ከኪዩም ይወጣል። ቤት ውስጥ ያለ ማይክ ሲለማመዱ ቮልዩሙን ከድምፅዎ በታች ያድርጉት። እጁን እያየ የሚዘፍን ሰውም አገጩ ወደ ደረቱ ስለሚወርድ ድምፁ ይጠብባል፤ የግጥም ወረቀቱ በዓይን ትይዩ ይሁን። ኮርዱን በዓይን ማየት ግድ ከሆነ ጭንቅላትዎን ሳያጎነብሱ በዓይንዎ ብቻ ይመልከቱ።

ልምምዱን መመደብ

በቀን 25 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። አምስት ደቂቃ እጅ ብቻ፣ አምስት ደቂቃ ድምፅ ብቻ፣ አሥር ደቂቃ አስቸጋሪዎቹ ባሮች፣ የቀረው አምስት ደቂቃ ዘፈኑን ሳያቆሙ እስከ መጨረሻ። በዚህ የመጨረሻ ክፍል ስህተት አይታረምም፤ የሚለማመዱት ተሳስቶ መቀጠልን ነው።

በየሁለት ቀኑ በስልክ ይቅዱ። ስልኩን ኪቦርዱ ላይ ሳይሆን ሁለት ሜትር ገደማ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ሦስት ጊዜ ያዳምጡት፤ አንዴ ምቱን ብቻ፣ አንዴ ኪዩን ብቻ፣ አንዴ ቃሉ ይሰማ እንደሆነ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው «ደስ አይልም» ከማለት ውጭ የሚያስተካክለው አያገኝም። ኮርድ በሚቀየርበት ቦታ ሁሉ ምቱ የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ የእጅ ነው፤ ወደ ደረጃ 1 ይመለሳሉ። አዝማቹ ላይ የሚፈጥን ከሆነ የድምፅ ነው፤ ከፍ ያለውን ኖታ ቶሎ ለመገላገል የሚደረግ ጥድፊያ ስለሆነ ኪዩን አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ።

ሰው ፊት ሲጫወቱ ከተሳሳቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይጣሉ፦ መጀመሪያ የቀኝ እጅ ጌጥ፣ ቀጥሎ ቀኝ እጅ በሙሉ፣ ግራ እጅ ግን አንደኛ ምት ላይ ባሱን ይያዝ። ድምፅ በምንም ምክንያት አይቆምም። ቃል ከጠፋ ያለፈውን ስንኝ ይድገሙት፤ ቀኝ እጅ ደግሞ የኮርዱ ዙር ወደ ዶ ሲመለስ፣ አንደኛው ምት ላይ ይግባ።